ዝናብና ፀሐይ የሚፈራረቁበት የተጎታች የእንጨት ወለል፦ ምን ይቀባ? ምንስ ይቅር?

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው በመኪና የሚጎተት፣ 4 ሜትር ገደማ የሚረዝም ተጎታች አላቸው። ወለሉ ፀረ ብስባሴ መድኃኒት በግፊት የገባበት የፓይን ጣውላ ነው። ተጎታቹ የግንባታ ዕቃና አነስተኛ ማሽን ይጫንበታል፤ ሥራ በሌለ ጊዜ ደግሞ ያለ መጠለያ ደጅ ይቆማል። ከ6 ዓመት በኋላ የጣውላዎቹ ገጽ ግራጫ ሆኗል፣ በየቦታው ስንጥቅ አውጥቷል፣ ከኋላ በኩልም የሁለት ጣውላዎች ጫፍ በጣት ሲጫኑት ይለሰልሳል። አንድ ወዳጃቸው የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንዲቀቡት፣ ሌላው በቫርኒሽ እንዲያሽጉት፣ ሦስተኛው ደግሞ ምንም ሳይቀቡ በሸራ እንዲሸፍኑት መክረዋቸዋል። ከሦስቱ የቱ ይሻላል? በየስንት ጊዜውስ ይደገማል?

ከሦስቱ ምክሮች አንዱንም እንዳለ እንዲቀበሉ አልመክርዎትም። ለእርስዎ ወለል የሚሻለው የለሰለሱትን ሁለት ጣውላዎች መለወጥ፣ የተቆረጡ ጫፎችን ሁሉ በፀረ ፈንገስ ፈሳሽ ማጥገብ፣ የቀረውን ወለል አጥቦና በደንብ አድርቆ ወደ ውስጥ የሚሰርግ ዘይት መቀባት፣ ከዚያም ተጎታቹን ውኃ በማይተኛበት አኳኋን ማቆም ነው። ምክንያቱ ካልተብራራ ግን ይህም ከሦስቱ ላይ የተጨመረ አራተኛ አስተያየት ብቻ ስለሚሆንብዎት፣ እንጨት ደጅ ሲውል ሲያድር ምን እንደሚደርስበት ከመነሻው ልግለጽ።

እንጨትን የሚያበሰብሰው እርጥበት ባለበት የሚያድግ ፈንገስ ነው። የፈንገሱ ዘር በአየር ላይ ስለሚንሳፈፍ የማይደርስበት ቦታ የለም፤ ለማደግ የሚያስፈልገውም ምግብ፣ አየር፣ መጠነኛ ሙቀትና እርጥበት ነው። ምግቡ እንጨቱ ራሱ በመሆኑ፣ አየሩንና ሙቀቱንም ልንከለክለው ስለማንችል፣ በእጃችን ያለው እርጥበቱ ብቻ ነው። የእንጨት እርጥበት የሚነገረው ውኃ ጨርሶ ከሌለበት ክብደቱ አንጻር በመቶኛ ሲሆን፣ የቃጫዎቹ ግድግዳ ጠጥቶ የሚጠግበው ከ28 እስከ 30 በመቶ ሲደርስ ነው። ከዚያ በላይ የሚገባው ውኃ በቃጫዎቹ ባዶ ክፍተት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ፈንገሱም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በሙያው ልማድ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት ከመበስበስ የተጠበቀ ነው ተብሎ ይወሰዳል፤ በ20 እና በ28 መካከል ያለው ርቀት ለጥንቃቄ የተተወ ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለተጎታች ባለቤት እጅግ ጠቃሚ ነው፦ ማታ ዘንቦበት በማግሥቱ ነፋስና ፀሐይ ያደረቀው ጣውላ ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው ለሳምንታት ሳይደርቅ የሚቆየው ክፍል ነው፤ ያ ክፍል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከላይ ቆመን የምናየው ገጽ አይደለም።

ይህን ለመረዳት አንድ ጣውላ አንሥቶ ገልብጦ ማየት ይበቃል። ባለቤቱ በየዓመቱ ሳይታክቱ ቫርኒሽ ይቀቡት የነበረ አንድ ተጎታች ለጥገና ወደ እኔ መጥቶ ነበር። ከላይ ሲታይ ወለሉ ያበራል፤ እንከን የሚባል ነገር የለበትም። ብሎኖቹን ፈትቼ የመጀመሪያውን ጣውላ ስገለብጠው ግን በእያንዳንዱ አግዳሚ ብረት ላይ ያረፈው ቦታ፣ የብረቱን ስፋት ያህል፣ ጥቁር መስመር ሆኖ ታየኝ። በዚያ መስመር ላይ ወስፌ ብጫነው ያለ ምንም ግፊት እስከ እጀታው ሰጠመ፤ ከመስመሩ አንድ ስንዝር ርቆ ያለው እንጨት ግን ወስፌውን የማያስገባ ጠንካራ ነበር። ብረቱም ከዚያው ቦታ ላይ ቀለሙን ጥሎ በቅርፊት በቅርፊት ዝጓል። ከላይ በስንጥቁና በብሎኖቹ ዙሪያ የገባው ውኃ ወርዶ በእንጨቱና በብረቱ መካከል ባለው ጠባብ ቦታ ተይዟል፤ ነፋስ አያገኘውም፣ ፀሐይም አያገኘውም፣ ወደ ላይ ተንኖ እንዳይወጣ ደግሞ ቫርኒሹ ዘግቶበታል።

ፀሐይ የምታደርሰው ጉዳት ከዚህ የተለየ ነው። ከብርሃኗ ውስጥ ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር ሊግኒን የሚባለውን፣ የእንጨቱን ቃጫዎች እንደ ሙጫ አያይዞ የያዘውን ንጥረ ነገር ይሰባብረዋል። የተሰባበረውን ዝናብ አጥቦ ሲወስደው ገጹ ላይ ግራጫና ጭረታማ ቃጫ ይቀራል። ይህ ግራጫነት ባለቤቶችን አብዝቶ ያስጨንቃል፤ ነገር ግን ጥልቀቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም ስለማያልፍ የጣውላውን የመሸከም አቅም አይቀንሰውም። ስንጥቁ የበለጠ ያሳስበኛል። እንጨት ርጥብ ሲሆን በስፋቱ ይነፋል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፤ በርዝመቱ ግን ያን ያህል አይለወጥም። 140 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ የፓይን ጣውላ በዝናብና በደረቅ ወቅት መካከል 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሊሰፋና ሊጠብ ይችላል። ላዩ ቶሎ ሲደርቅ ውስጡ ገና ርጥብ ስለሆነ ላዩ ተወጥሮ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ለሚቀጥለው ዝናብ የተዘጋጀ ቦይ ይሆናል።

አሁን ወደ ሦስቱ ምክሮች እንመለስ። ቫርኒሽ ከቤት ዕቃ ላይ የሚያምር፣ ለበርና ለመስኮትም እንክብካቤ ከተደረገለት የሚሆን ልባስ ነው። ለተጎታች ወለል የማይሆንበት ምክንያት ገጹ ላይ ደርቆ ጠጣር ሽፋን ስለሚሠራ ነው። ሽፋኑ ከላይ እንደተገለጸው ከሚሰፋና ከሚጠብ እንጨት ጋር ለረጅም ጊዜ አብሮ መተጣጠፍ አይችልም፤ በዚያ ላይ የማሽን ጎማ፣ የብረት ጠርዝና አሸዋ ያለማቋረጥ ይፍቁታል። አንድ ቦታ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መሰንጠቅ ከታየ ውኃው በዚያ ይገባል፣ ከሽፋኑ ሥር ወደ ጎን ይዛመታል፣ መውጫው ግን ያው ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ይሆናል። ሲታደስም የተላላጠውን ሁሉ ፍቆ ማንሣትን ይጠይቃል። ወፍራም የዘይት ቀለምም በዚሁ ፍርድ ውስጥ ይወድቃል።

የተቃጠለ ዘይትን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚያምንበትን ነገር እየተቃወምኩ መሆኑን አውቃለሁና ጥቂት ልዘርዝር። ዘይቱ ውኃን ለተወሰነ ጊዜ ይገፋል፤ የቀቡት ሰዎች «ሠርቶልኛል» የሚሉት ውሸት አይደለም። ይሁን እንጂ የሞተር ዘይት የማዕድን ዘይት በመሆኑ እንደ ተልባ ዘይት ከአየር ጋር ተዋሕዶ አይጠነክርም። ከወር በኋላም ርጥብ ነው። ስለዚህ አቧራ ይይዛል፣ ዝናብ ሲመጣ ከጣውላው ላይ እየታጠበ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ወለሉንም ያንሸራትታል፤ ማሽን እየነዱ ወደ ተጎታች ለሚያወጡ ሰው ይህ እጅግ አደገኛ ነገር ነው። በዘይቱ ውስጥ ከሞተሩ የተፋቀ ብረትና ከነዳጅ ቃጠሎ የመነጩ ካንሰር አምጪ ውሕዶች አሉበት፤ በእጅ ይነካል፣ ልብስ ላይ ይቀራል፣ አፈርና የጉድጓድ ውኃ ይበክላል። በብዙ አገሮችም በመሬት ላይ እንዲፈስ ማድረግ በሕግ የተከለከለ ነው። ከናፍጣ ጋር ተቀላቅሎ ሲቀባ የበለጠ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ጉዳቱም በዚያው ልክ ይሰፋል። ሌላም የማይታሰብ ችግር አለ፦ አንድ ጊዜ በማዕድን ዘይት የጠገበ ጣውላ ላይ ኋላ ሐሳብዎን ቢለውጡና ትክክለኛውን የሚሰርግ ዘይት ልቀባ ቢሉ አይይዝልዎትም። የተቃጠለውን ዘይት ወደ መሰብሰቢያው ይመልሱት፤ ከወለልዎ ግን ያርቁት።

ሸራው ላይ ሐሳቡ ጥሩ ሆኖ ሳለ አፈጻጸሙ ነው የሚያበላሸው። በጣውላው ላይ በቀጥታ የተነጠፈ ሸራ ከታች ከመሬት የሚነሣውን እንፋሎት ይይዛል፤ ጠዋት ገልጠው ቢያዩ የሸራው ውስጠኛ ገጽ በጤዛ ርሶ ያገኙታል። በሸራው ሥር ጨለማ፣ ሙቀትና እርጥበት ተገናኙ ማለት ነው፤ ፈንገስ ከዚህ የተሻለ ቤት አይፈልግም። መሸፈን ከፈለጉ ሸራው በመሐል ላይ እንደ ድንኳን ከፍ ብሎ፣ ጎኖቹም ለነፋስ ክፍት ሆነው መወጠር ይኖርበታል። ጣራ ብቻ ያለው፣ ግድግዳ የሌለው ዳስ ከማንኛውም ቅባት ይበልጣል፤ ማድረግ የሚችሉ ከሆነ በዚህ ላይ የሚያወጡትን አይቆጩበትም።

«መድኃኒት የገባበት ጣውላ እንዴት ሊበሰብስ ቻለ?» ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። በግፊት የሚገባው መድኃኒት ወደ ጣውላው እምብርት ሁልጊዜ አይደርስም። ከቅርፊቱ አጠገብ የነበረው ነጣ ያለው ክፍል በደንብ ይጠጣዋል፤ የግንዱ መሐል የነበረው ጠቆር ያለ ክፍል ግን ብዙም አያስገባውም። ጣውላው መድኃኒቱን ካገኘ በኋላ ለተጎታቹ ልክ ሲቆረጥ ያ ያልተነካ እምብርት ፊት ለፊት ይጋለጣል። በዚያ ላይ የእንጨት ቃጫ እንደ ተደረደረ ቀጭን ቱቦ ስለሆነ፣ በተቆረጠው ጫፍ በኩል የሚገባው ውኃ በጎን ገጹ ከሚገባው ብዙ እጥፍ ይፈጥናል። በእርስዎ ተጎታች ላይ የለሰለሱት ጫፎች ከኋላ በኩል ናቸው ብለዋል። በአብዛኛው ተጎታች ላይ የጣውላዎቹ የኋላ ጫፍ የሚገባው በኤል ወይም በዩ ቅርጽ ብረት ውስጥ ነው፤ ያ ብረት ከሥሩ ቀዳዳ ከሌለው ገንዳ ሆኖ ውኃና አፈር ይይዛል። የጣውላው ጫፍ ያን ገንዳ እየጠጣ 6 ዓመት ከቆየ መለስለሱ አያስደንቅም።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከምርመራ ነው። ወስፌ ወይም ሹል ካቻቢቴ ይዘው እያንዳንዱን ጣውላ ከሁለቱም ጫፍ፣ በየብሎኑ ዙሪያ፣ ከተጎታቹ ሥር ገብተውም በየአግዳሚው ብረት አጠገብ ይጫኑት። ጤነኛ እንጨት መሣሪያውን ይገፋል፤ ፈልቅቀው ሲያነሡትም ረጅም ስንጣሪ ሆኖ ይሰበራል። የበሰበሰው በአጭሩ፣ እንደ ደረቅ ዳቦ፣ ተቆርሶ ይቀራል። ወስፌው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያለ ችግር ከገባ ያ ጣውላ ጭነት አይታመንበትም። ጫፉን ብቻ ቆርጦ አጭር ቁራጭ መቀጠል ያጓጓል፤ እኔ ግን ማሽን ለሚጫንበት ወለል ሙሉ ጣውላውን መለወጥ እመርጣለሁ፣ ፈንገሱ በዓይን ከሚታየው የበሰበሰ ቦታ አልፎ ስለሚሄድ። መድኃኒት የገባበትን ቁራጭ ማገዶ አያድርጉት፤ ጭሱም አመዱም መርዝ አለበት። የቆየ ተጎታች ያላቸው ሌሎች አንባቢዎችም ጣውላቸው አርሰኒክ ያለበት አሮጌ መድኃኒት ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል ሳያጣሩ አይፋቁት።

አዲሱን ጣውላ ለመግጠም ሲያዘጋጁ የተቆረጠውን ጫፍ ፊት ለፊት ይመልከቱ። የዕድሜ ቀለበቶቹ እንደ ቀስተ ደመና ወደ ላይ ጎብጠው እንዲታዩ አድርገው ያስቀምጡት፤ ይህም ቅርፊቱ የነበረበት ገጽ ወደ ላይ ሆነ ማለት ነው። በተቃራኒው ከተቀመጠ የቀለበቶቹ ንብርብር በጎማና በእግር ብዛት እየተነሣ ስለታም ስንጣሪ ያወጣል። ከመግጠምዎ በፊት የቆረጡትን ጫፍ በኮፐር ናፍቴኔት፣ ማለትም መዳብ ባለበት አረንጓዴ ፀረ ፈንገስ ፈሳሽ፣ መጠጣት እስኪያቆም ድረስ ደጋግመው ይቀቡት። ለብሎን የበሱት ቀዳዳም አዲስ ቁስል ነውና ከውስጡ ይቀባ። ፈሳሹ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል። ከሥራው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን የጫፍና የቀዳዳ ቅባት ነው፤ የሚፈጀው ጊዜ አንድ ሰዓት አይሞላም፣ ሰዎች ግን አብዝተው የሚዘሉት እርሱን ነው።

ጣውላዎቹ በተነሡበት ጊዜ ብረቱን ሳያክሙ አይመልሷቸው። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ያንሡ፣ ፀረ ዝገት ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀቡ፣ ከደረቀ በኋላ በአግዳሚዎቹ ላይ ሬንጅነት ወይም የጎማ ባሕርይ ያለው ተለጣፊ ቴፕ ይለጥፉ። ቴፑ እንጨቱንና ብረቱን ይለያል፤ ብሎኑ ሲያልፍበትም ዙሪያውን አጥብቆ ይይዛል። ይህ ለእርስዎ ጣውላ በተለይ ያስፈልጋል፤ ዛሬ በግፊት የሚገቡት መድኃኒቶች በአብዛኛው መዳብ ስላላቸው ርጥብ ሆነው ተራ ብረትን ሲነኩ ዝገቱን ያፋጥኑታል። በዚሁ ምክንያት ብሎኖቹም በዚንክ ውስጥ ተነክረው የተለበጡ ወይም የማይዝግ ብረት ቢሆኑ ይሻላል። የብሎኑን ራስ ከገጹ ጋር እኩል እስኪሆን ብቻ ያጥብቁት፤ ከዚያ አልፎ ሲሰጥም ቃጫውን ሰብሮ ውኃ የሚቋጥር ትንሽ ጽዋ ይሠራል። የኋላውን የኤል ብረት ደግሞ ከሥሩ በየጣውላው አንድ፣ 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ይብሱለት። ይህን ስል ጣውላውን የሚይዘውን ብረት ብቻ ነው፤ ጭነት የሚሸከመው ዋናው አጥንት አይበሳ።

በጣውላዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ውኃው የሚወርድበትና ነፋስ የሚያልፍበት ነው። ደርቆ ለሚገጠም ጣውላ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይተዉ፤ መድኃኒቱ ገና ያልደረቀለት ከባድና ርጥብ ጣውላ ከሆነ ግን ሲደርቅ ራሱ ስለሚሸሽ አስጠግተው ይግጠሙት። ክፍተቱን በሲልከን የሚሞሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። በቅን ልቦና ያደረጉት ነው፤ ውጤቱ ግን ውኃው መውረጃ አጥቶ በጣውላው ጎን ላይ እንዲተኛ ማድረግ ነው።

ነባሩን ወለል ለማጽዳት ጠንካራ ብሩሽ፣ ውኃና ሶዲየም ፐርካርቦኔት ያለበት የእንጨት ማጽጃ ይበቃል። ማጽጃው ሩብ ሰዓት ያህል ርጥብ ሆኖ ይቆይ፣ ከዚያ በቃጫው አቅጣጫ ተፈትጎ ይታጠብ። ብረት የነካው ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ኦክሳሊክ አሲድ የተሟሟበት ውኃ ያነሣዋል፤ ይህም መርዝ ስለሆነ ጓንትና መነጽር ግድ ነው፣ ሲጨርሱም በብዙ ውኃ ይታጠባል። ውኃን በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ማሽን ሥራውን ያፋጥናል ብለው አፍንጫውን አያስጠጉት፤ ለስላሳውን ቃጫ ቆፍሮ ገጹን እንደ ታረሰ መሬት ያደርገዋል። ከታጠበ በኋላ ዝናብ የሌለባቸው ቢያንስ ሦስት ቀናት ይለፉ። የእርጥበት መለኪያ ካለዎት ከ18 በመቶ በታች ሲያነብ ይቀቡ፤ ከሌለዎት ጥቂት የውኃ ጠብታ በየቦታው ያንጠባጥቡና ይጠብቁ። ጠብታው በደቂቃዎች ውስጥ ወደ እንጨቱ ገብቶ ከጠፋ ጣውላው ዘይቱንም ይቀበላል። ስንጣሪ ያወጣውን ቦታ ቁጥሩ 60 ወይም 80 በሆነ ብርጭቆ ወረቀት ይሹት፤ ከዚያ በላይ ማለስለስ ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍን ዘይቱ አይሰርግም።

ለመቀባት የምመክረው ለውጭ ወለል የተዘጋጀ፣ ወደ ውስጥ የሚሰርግ፣ ፀረ ፈንገስና ጥቂት ቀለም ያለበት ዘይት ነው። ቀለሙን የምፈልገው ለውበት አይደለም። ፍጹም ጥርት ያለው ዘይት አልትራቫዮሌቱን አያግድም፤ የቀለሙ ቅንጣቶች ግን ጨረሩን በራሳቸው ላይ ይቀበላሉ። እንዲህ ያለው ካልተገኘ «የተፈላ» በሚል ስም የሚሸጠው የተልባ ዘይት ደህና ምትክ ነው። ማድረቂያ ንጥረ ነገር የተጨመረበት ስለሆነ በአንድ ሁለት ቀን ይጠነክራል፤ ጥሬው የተልባ ዘይት ግን ሳምንታት ይወስዳል። ጉድለቱን ልደብቅ አልፈልግም፦ የተልባ ዘይት ለሻጋታ ምግብ ይሆናል፣ ርጥበት በሚበዛበትም አካባቢ ወለሉን ያጠቁረዋል። የመርከብ ሠሪዎች የቆየ መላ የተልባ ዘይት፣ የጥድ ሬንጅ (ከፓይን እንጨት የሚወጣ ጥቁር ዝፍት) እና ተርፔንታይን እኩል እኩል ቀላቅሎ መቀባት ነው። ሽታው ለሳምንት ይቆያል፣ ቀለሙም ወደ ቡኒ ይጠቁራል፤ ሬንጁ ግን ሻጋታን ስለሚቋቋም ብቻውን ከተቀባ የተልባ ዘይት ይልቅ ዕድሜ አለው። እኔ ለሥራ ተጎታች ይህን ድብልቅ እወደዋለሁ።

ሲቀቡ በቀጥታ የፀሐይ ግለት ሥር አይሁን፤ ዘይቱ ሳይሰርግ ገጹ ላይ ይደርቃል። የመጀመሪያውን ዙር በተርፔንታይን ወይም በቀለም ማቅጠኛ አቅጥነው፣ ሁለተኛውን እንዳለ ይቀቡ። ከእያንዳንዱ ዙር 20 ደቂቃ በኋላ እንጨቱ ያልጠጣውን ትርፍ ዘይት በጨርቅ ጠርገው ያንሡ። ይህች እርምጃ ከተዘለለች ዘይቱ የሚያጣብቅ ቆዳ ይሠራል፤ ያን ጊዜ ከቫርኒሽ ሸሽተን ወደ ባሰ ቫርኒሽ ገባን ማለት ነው። ጣውላው ከመገጠሙ በፊት ከሥሩም ከጎኑም ቢቀባ መልካም ነው፤ በአንድ በኩል ብቻ የተቀባ ጣውላ ሁለቱ ገጾቹ እኩል ስለማይጠጡና እኩል ስለማይደርቁ ይጎብጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከሁሉ አጉልቼ ልናገር። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ያለ ክብሪት ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል። ዘይቱ ከአየር ጋር ሲዋሐድ ሙቀት ያወጣል፤ በተጠቀለለው ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ እየጨመረ ሄዶ ጭስ፣ ከዚያም እሳት ይሆናል። ጨርቁን አንድ በአንድ ዘርግተው ደጅ ያድርቁት፣ ወይም ውኃ በሞላበት፣ ክዳን ባለው የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ይንከሩት። ሲመሽ ድካም ሲጫንዎት የሚረሳው ይህ ነው፤ ስለዚህ ቆርቆሮውን ሥራ ሳይጀምሩ አጠገብዎ ያስቀምጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው እንክብካቤ ቀላል ነው። ጭነት ባወረዱ ቁጥር አፈሩን፣ ቅጠሉንና ጠጠሩን ከክፍተቶቹ ጭምር ይጥረጉ፤ በክፍተት ውስጥ የተጠቀጠቀ አፈር ርጥብ ስፖንጅ ነው። ሲያቆሙት የፊት እግሩን ከፍ አድርገው ወለሉ ወደ ኋላ እንዲያዘቀዝቅ ያድርጉ፤ ከበሱት ቀዳዳ ጋር ተዳምሮ ውኃው በደቂቃዎች ውስጥ ወርዶ ያልቃል። ሣር ላይ ከማቆም ጠጠር ወይም ኮንክሪት ላይ ማቆም ይሻላል፣ ሣሩ ከሥር ሌሊቱን ሙሉ እርጥበት ስለሚልክ። መወጣጫው የእንጨት ከሆነና አጣጥፈው የሚያቆሙት ከሆነ የታችኛው ጫፉም እንደ ወለሉ ጫፍ በኮፐር ናፍቴኔት ይጥገብ።

በየስንት ጊዜው ይደገማል ላሉት፣ የቀን መቁጠሪያ ይዤ ቁርጥ ያለ መልስ መስጠት አልችልም፤ ዓመቱን ሙሉ ደጅ ለሚቆም የሥራ ተጎታች በዓመት አንድ ዙር የተለመደ ነው፣ ዳስ ሥር ለሚያድረው ግን ሁለትና ሦስት ዓመት ሊቆይ ይችላል። ወለሉን ራሱን ይጠይቁት። በደረቅ ቀን ማሽን ብዙ በሚረግጠው መሐል፣ ከዚያም ብዙ በማይረገጠው ጎን ላይ ውኃ ያንጠባጥቡ። ጠብታው እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ከተቀመጠ ዘይቱ ገና ሥራ ላይ ነው። ጠፍጣፋ ሆኖ ተዘርግቶ እንጨቱን ካጠቆረው፣ ጠርገውና አድርቀው አንድ ስስ ዙር የሚጨምሩበት ጊዜ ደርሷል፤ መሐሉ ብቻ ከጠጣም መሐሉን ብቻ ይቅቡት።